«ዘጭ» ወይስ «ዱብ»? ከካርቱን ትርጉም የተነሳ ጥያቄ

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ቃል ወዳጆች። ሰሞኑን አጫጭር የካርቱን ታሪኮች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለሱ እያረምኩ ነው። አንዱ ላይ ወፈር ያለ ሰውዬ ከመሰላል ይወድቃል፤ እንግሊዝኛው ያለው አንዲት የድምፅ ቃል ብቻ ናት። ተርጓሚው «በኃይል መሬት ላይ ወደቀ» ብሎ ጻፈው። መውደቁንማ እያየነው! ሰርዤ «ዱብ!» አልኩት። እሱ ደግሞ «ካሳጠርነውስ “ዘጭ” ይሻላል» ብሎ ድርቅ አለ። ማናችን ነን ልክ?

መላሽ፦ እሳቸው ናቸው። «ዱብ» ውስጥ የሚጎላው ድንገተኛነቱ ነው። «ዱብ ዕዳ» የምንለውም ለዚሁ ነው፤ ያልተጠራ እንግዳም ዱብ ይላል፣ አጥንቱ ሳይነካ። «ዘጭ» ግን ክብደት አለው። ደክሞት ገላውን መሸከም ያቃተው ሰው ወንበር ላይ ዘጭ ይላል። በግንባሩ ከሆነ «ድፍት»፣ ራሱን ስቶ ከሆነ «ክልትው» ልንል ነው። ሰውየው በምኑ ነው ያረፈው?

ጠያቂ፦ በመቀመጫው።

መላሽ፦ እንግዲያው ዘጭ ነው። «አለ»ንም እንዳይጨምሩ። በተራ ጽሑፍ «ዘጭ አለ» እንላለን፤ እዚህ ግን የ«አለ»ን ሥራ ሥዕሉ ይዞታል።

ሌላ አባል፦ ልጨምር። እነዚህ ቃላት ድምፅ ብቻ አይደሉም። «ክው» ምን ድምፅ አለው? «እልም»ስ? ግን የደነገጠ ፊት አጠገብ «ክው!» ብትጽፉበት አንባቢ ይሰማዋል። ማንጋ የሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ለዝምታ እንኳ ቃል አለው፤ «ሺን» ተብሎ ሥዕሉ ላይ ይጻፋል። በእኛ ለመተካት ስሞክር ነው «ጭር» እና «ጭጭ» የተለያዩ መሆናቸውን ያስተዋልኩት። ጭር የሚለው ቦታው ነው፤ ጭጭ የሚለው አፍ ያለው ፍጥረት ነው። ባዶ አዳራሽ ላይ «ጭጭ» ጽፌ ስመለከተው ወንበሮቹ ያኮረፉ መሰሉኝ።

ጠያቂ፦ ይህቺን ወሰድኳት። ሌላም አለኝ። ፊቱን የሸፈነ ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ሴት መሆኗ የሚታወቀው መጨረሻው ሥዕል ላይ ነው። በሩን የከፈተው ሰው «ዘገየህ» ቢል ውሸት፣ «ዘገየሽ» ቢል ምስጢሩ ወጣ።

መላሽ፦ «አሁን ነው የሚመጣው?» ያስብሉት። ቤት ውስጥ ለዘገየ ሰው የምንለው ነው፤ ወንድም ሴትም አይለይም። «ዘገዩ» ግን አይሆንም፤ ቁጣው ውስጥ አክብሮት ይገባበታል።

ሦስተኛ አባል፦ እኔ የተዋረድኩባትን ላውራ። ሁለት ተጓዦች ጥርሱ ያገጠጠ አውሬ ፊት ቆመዋል። አንደኛው «ሰው ይበላል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ንግግሩ የሚገባባት ፊኛ (የሽንቱን አላልኩም፣ የተሻለ ቃል ያለው ያምጣ) ጠበበችኝና «ይበላል?» ብቻ አስቀረሁ። አርታኢዋ ግን «በ»ን አጥብቃ አነበበችው። አውሬውን ሊጠብሱት የሚማከሩ መስሏት ከልቧ ሳቀች። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። በረጅም ጽሑፍ ዐውዱ ይደርስልናል፤ ብቻዋን የተንጠለጠለች ቃል ግን ወዴት ትጠጋ?

ጠያቂ፦ ታዲያ «ሰው»ን መለሳችሁት?

ሦስተኛ አባል፦ አልመለስኩም። የሁለተኛው ተጓዥ መልስ «እንጃ» ነበር፤ ቀየርኩና «ማን ማንን?» አስባልኩት።

መላሽ፦ ይሄ ትርጉም አይባልም፤ ዋናው ላይ የሌለ ቀልድ ነው የጨመሩት። እኔ ብሆን «እንጃ»ን አልነካም ነበር።

ሦስተኛ አባል፦ አርታኢዋም መጀመሪያ ያለችው ይህንኑ ነው። ኋላ ግን «ማን ማንን?»ን ራሷ ፊኛዋ ውስጥ ጻፈችው፤ ፊደሉን ከፍ አድርጋ።