የሲምፕሰንስ 36ኛ ሲዝን፣ እህቴ እና የእናታችን ተራ

የሌሊት ፓርኪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦

ሰላም ወገኖች። አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ ጥያቄው የወሰደኝን ነገር ካልነገርኳችሁ ግን ሙሉ አይሆንም። ስለረዘመ ይቅርታ።

እናታችን 71 ዓመቷ ነው። ግሪን ካርድ ይዛ ከገባች አምስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው። ስፖንሰር ሆና ያመጣቻት ዳላስ ያለችው እህቴ ናት። እስካሁንም እሷ ጋ ነው የምትኖረው። ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። «እኔ ደክሞኛል። ከነሐሴ ጀምሮ ተራው ያንተ ነው» አለችኝና ዘጋችው። ከዚያ በፊት ስምንት ወር ያህል አልተነጋገርንም ነበር። እናታችን ጋ ስደውል እንኳ ስልኩን የሚያነሳልኝ የእህቴ ልጅ ነበር።

ያለሁት ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነው። ልጆቼ 10 እና 8 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ቀን ትሠራለች፣ እኔ ሌሊት። እናቴ ስኳር አለባት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ቴክሳስ ያለው ኢንሹራንሷ ቨርጂኒያ ይሠራል? ወረቀቷ ላይስ ምን መቀየር አለብን? መሃል ላይ መድኃኒቷ እንዳይቋረጥ ነው የፈራሁት።

አሁን ወደ ሲምፕሰንስ፣ ስለ አንድ ቤተሰብ ወደሚያወራው የአሜሪካ ካርቱን ልምጣ። በ2006 በዲቪ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ዲሲ መሃል ከተማ የሌሊት ፓርኪንግ ነበር። የምቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። ለእንግሊዝኛ ጆሮዬ የተከፈተው በእሷ ነው። ካርቱን ስለሆነ የልጆች መስሎኝ ነበር። አባትየው ሆመር ግን ደመወዙ የማይበቃው፣ አለቃውን የሚፈራ፣ ቤቱ ሲገባ ሶፋው ላይ የሚወድቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። በ1995 የወጣ አንድ ክፍል አለ። ሆመር የሚወደውን ሥራ ይዞ ሳለ ሦስተኛዋ ልጅ ማጊ ልትወለድ ሆነ። ወደ ኒውክሌር ጣቢያው ተመልሶ ለመነ። አለቃው ለዘለዓለም እዚያው እንደሚቀር የሚያስታውስ ሰሌዳ ፊቱ ላይ ሰቀለበት። ሆመር የማጊን ፎቶዎች በፊደሎቹ ላይ ለጣጠፈና የቀረው ጽሑፍ «ለእሷ ብለህ» የሚል ሆነ። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ እኔም ከዋጋ ሰሌዳው ጎን ፎቶውን ለጠፍኩ። በኋላ የልጅቷም ተጨመረ። ዛሬም እዚያው አሉ። ምድር ቤት ስለሆነ ፀሐይ አያገኛቸውም፤ ቀለማቸው አልለቀቀም።

36ኛው ሲዝን በ2025 ሜይ 18 አለቀ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። አከፋፈቱ ድንቅ ነው። ኮሜዲያኑ ኮናን ኦብራየን መድረክ ላይ ወጥቶ ለቀልድ ተከታታዩ ማብቃቱን ያውጃል። በታሪኩ ውስጥ መጨረሻውን የጻፈው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው፤ ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን መቋጫ ያድላል። የሆመር ልጅ ባርት ግን 11 ዓመት አልሞላም ብሎ ይታገላል። ይህ ልጅ ከ1989 ጀምሮ 10 ዓመቱ ነው! የሚታወቀውን የሞኖሬል (ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር) ክፍል በ1993 የጻፈው ራሱ ኦብራየን መሆኑን ለምናውቅ ደግሞ እሱን እዚያ ማየት ሌላ ደስታ ነው።

መሃሉ ወጣ ገባ ይበዛዋል። ርዕሳቸው ሳይቀር ከሌላ ሰው ፊልም የተወሰደ ክፍሎች አሉ፤ ፊልሙን ያላየ ሰው ውጭ ይቀራል። ለባርት ጓደኛ ለሚልሃውስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ድምፅ የሰጠችው ፓሜላ ሃይደን በኖቬምበር 2024 ጡረታ ወጣች። ጆሮዬ አዲሷን ለመልመድ ጊዜ ወሰደበት። የእናትየዋ የማርጅ ድምፅም ሻክሯል። ድምፁን የምትሰጠው ጁሊ ካቭነር የ1950 ልጅ ናት። ብዙዎች በዚህ ያማርራሉ፣ እኔ ግን አልከፋኝም። በስልክ የምሰማው የእናቴ ድምፅም በእነዚህ ዓመታት እንደዚያው ሆኗል።

መዝጊያው ነው የያዘኝ። ባርትና እህቱ ሊሳ ልጅ ሆነው አብረው የሚያዩት ካርቱን አለ፣ ኢቺ እና ስክራቺ። እያደጉ ሲሄዱ ተዉት። በእሱ መተው ሌላው ሁሉ አብሮ ሄደ። ዓመታት አለፉ፣ ማርጅ ሞተች፣ ወንድምና እህት ተራራቁ። አሮጌው ሆመር የት ይኑር የሚለውም አላስማማቸውም። ማርጅ ለልጆቿ በቪዲዮ የተወችው መልእክት አለ። እንዳትለያዩ ትላቸዋለች።

ከልጆቼ ጋር ነው ያየሁት። ፈንዲሻው መሃላችን ነበር። ልጅቷ ሪሞቱን አንስታ ምስሉን አቆመችው። «አንተና አክስቴ እንደዚህ ናችሁ?» አለችኝ። ወንድ ልጄ ፈንዲሻውን ማኘክ ተወ። እኔም መልስ አልሰጠሁም። እህቴ የደወለችው ከዚያ ምሽት በኋላ ነው።

አትላንታ፣ 31 ዓመት እዚህ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እናትህን ያኑርልህ። መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ።

ኢንሹራንሳቸው የትኛው እንደሆነ ለይተህ እወቅ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ ኢንሹራንስ፣ የፌዴራል ነው፤ ስቴት ቢቀይሩም አብሯቸው ይሄዳል። ሆኖም እዚህ ያልሠራ ባለ ግሪን ካርድ ሜዲኬርን ገዝቶ ለመግባት 65 መሙላትና አምስት ዓመት ሳያቋርጥ እዚህ መኖር አለበት። እናትህ ገና ናቸው ማለት ነው። ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው፣ ከሆነ የስቴት ነው። የቴክሳሱ ይዘጋል፣ ቨርጂኒያ እንደ አዲስ ታመለክታላችሁ፣ ይፈቀድላቸው አይፈቀድላቸው እዚያው ይታያል። ኦባማኬር፣ ከኢንሹራንስ ገበያው የሚገዛው፣ ከሆነ የቴክሳሱ ፕላን ተሻግሮ አይመጣም። ቨርጂኒያ የራሷ የኢንሹራንስ ገበያ አላት። ኢንሹራንስ ኖሮት አድራሻ ለቀየረ ሰው ልዩ የመመዝገቢያ ጊዜ ይከፈትለታል፣ 60 ቀን ነው። 60 ቀኑ ካለፈ እስከ ዓመቱ መመዝገቢያ መጠበቅ ሊመጣ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ኢሚግሬሽን ደግሞ አድራሻቸውን በ10 ቀን ውስጥ ማወቅ አለበት፤ ኤአር 11 የሚባለው ፎርም ነው። ብዙ ሰው ይረሳዋል። እህትህ የፈረመችው የስፖንሰርነት ግዴታም እናትህ አንተ ጋ ስለገቡ አይነሳም። ዜጋ እስኪሆኑ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ጊዜ እስኪሞላላቸው ከእሷ ጋር ነው። ይህን አውቀህ አናግራት። «በቃኝ» ስትል ምን ተሸክማ እንደሆነ ይገባሃል።

ከዳላስ ሳይነሱ ሐኪማቸው የ90 ቀን መድኃኒት እንዲጽፍላቸው ጠይቁ። ኢንሱሊኑን በበረዶ ቦርሳ፣ በእጅ ይያዙት። ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሚኒያፖሊስ፦

ስለ እናትህ አትላንታ ያሉት ይበቃል። እኔ የደነገጥኩት በልጆቹ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ሲምፕሰንስ ታያለች? ባርት አባቱን በስሙ «ሆመር» ብሎ ነው የሚጠራው። አባትየው የልጁን አንገት ያንቃል። የእኔ ልጅ አንድ ቀን አባቷን «አባዬ» ማለት ትታ በስሙ ስትጠራው ምግቡ ከእጄ ወደቀ። ከየት ሰማሽው ስላት ከዚሁ ነው። እኛ እዚህ አገር ልጅ የምናሳድገው ብቻችንን ነው። አያት የለ፣ ጎረቤት የለ። የሚገባውን በር እንኳ ካልጠበቅን ምን ይተርፈናል?

የሌሊት ፓርኪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦

አትላንታ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 60 ቀኑንም ኤአር 11ንም አላውቅም ነበር። ኢንሹራንሷ የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እህቴ ናት።

እህቴ ሚኒያፖሊስ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ብቻቸውን አያዩም። ክፍሉን እኔ ነኝ የምመርጠው፣ አብሬ እቀመጣለሁ። ማነቁን በ2023 ራሱ ሆመር ትቼዋለሁ ብሏል፤ ዘመኑ ተቀይሯል ብሎ። ልጆቼ አባዬ ነው የሚሉኝ። ደግሞ ይህንን እውነት ልንገርሽ፦ ስለ አክስታቸው በቤታችን ማንም አፍ አውጥቶ አያውቅም ነበር። ልጄ እንድትጠይቀኝ ያደረጋት ይሄው ካርቱን ነው።

ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ፦

ሲምፕሰንስን ከ1992 ጀምሮ ነው የማየው። ወንድሜ፣ የእናትህ ነገር ከልቤ ነክቶኛል፤ ስለ ሲዝኑ ግን አልስማማም። ከዘጠነኛው ሲዝን ወዲህ ያለው የድሮው አይደለም። የእናት ነገር ካነሳህ በ1995 የወጣውን የሆመርን እናት ክፍል አስታውስ። ሞታለች ብሎ 27 ዓመት ያለቀሰላት እናት መጣች። ፖሊስ ስለሚፈልጋት ተመልሳ ሄደች። ሆመር መኪናው ላይ ተቀምጦ ኮከብ ያያል። ቃል አይናገርም። የመጨረሻው የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር እስኪያልቅ እንደተቀመጠ ነው። እኔ እናቴን ቦሌ ላይ ተሰናብቼ ስመለስ፣ አውሮፕላን ውስጥ የታየኝ ያ ሥዕል ነበር። ዳግም አላየኋትም።

አሁን ግን ምን አደረጉ? ማርጅን ገደሉ። በሰኔ ወሬው ሁሉንም ገጽ ሞላው። ወዲያው አዘጋጁ ማት ሴልማን ወጥቶ የወደፊቱን የሚያሳዩ ክፍሎች ሁሉ ግምት ናቸው፣ በሚቀጥለው ማርጅ አለች አለ። የማይቆጠር ሞት ለምን ያስለቅሰኛል? የቴሌቪዥን ጣቢያው ፎክስ እስከ 40ኛው ሲዝን ድረስ አራት ሲዝን ጨምሮላቸዋል። ማርጅን አይነኳትም።

ከአዲሱ የምወደው አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ የ2011ዱ። የማርጅ መኪና ትንሿ ኢትዮጵያ ሰፈር ውስጥ ይበላሻል። ከልጆቹ ጋር ሬስቶራንት ገብተው እንጀራ በእጃቸው ይበላሉ፣ ይወዱታል። ያኔ እዚሁ ፌርፋክስ ጎዳና አስተናጋጅ ነበርኩ። ሰፈሩ ትንሿ ኢትዮጵያ የተባለው በ2002 ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ፈረንጅ ቤተሰብ ሦስት ልጆች ይዞ ገባና «ሲምፕሰንሶች የበሉትን» አለኝ። በያይነቱ አመጣሁላቸው። ትንሹ ልጅ ሽሮውን ጠርጎ ጨረሰው።

ከዱባይ፦

እኔ የእናንተን እንግሊዝኛውን አላውቀውም። በ2005 ለሥራ ስመጣ የምሠራበት ቤት ልጆች በረመዳን በዓረብኛ ያዩት ነበር። «አል ሸምሹን» ይባል ነበር። አባትየው ዑመር ነው፣ ልጁ በድር። ቢራው ለስላሳ መጠጥ ሆኗል። እኔ ሳህን እያጠብኩ በበሩ በኩል አይ ነበር። ዓረብኛዬ ገና ነበር፤ ግን ሚስትየዋን ስትቆጣ ሳያት የእናቴ አነጋገር ይመጣብኝ ነበር።

እናቴ ደሴ ናት። ዘጠኝ ዓመት አላየኋትም። በየወሩ እልካለሁ። ጣሪያው ተቀይሯል፣ ውሃ ገብቷል፣ ወንድሜ ባጃጅ ገዝቷል። ባለፈው ወር ስደውል «ገንዘቡ ደርሶናል፣ አንቺስ መቼ ነው የምትደርሺው?» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ወንድሜ፣ «ተራው ያንተ ነው» ሲሉህ ሰማሁና ቀናሁብህ። ለእኔ እንዲህ የሚለኝ ቢኖር ዛሬ ሻንጣ እይዝ ነበር።

የሌሊት ፓርኪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦

እህቴ ዱባይ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። አይዞሽ። እግዚአብሔር ያገናኝሽ።

ፌርፋክስ፣ ያ ኮከብ የሚያይበት ክፍል ላይ ካንተ ጋር አልከራከርም። ከእሱ የሚበልጥ የለም። «የማይቆጠር ሞት» ያልከው ላይ ግን ተሳስተሃል። የማይቆጠር መሆኑ ነው ደጉ። ባርትና ሊሳ በሚቀጥለው እሑድ ልጆች ናቸው፣ እናታቸውም ኩሽና ውስጥ አለች። ያንን ያየነው እኛ ነን። እኔ ሳየው እናቴ ዳላስ ውስጥ ደህና ነበረች፣ እህቴም ስልኳ ክፍት ነበር። ደግሞ 23ኛው ሲዝን ላይ ያለውን የእንጀራ ክፍል ከወደድክ፣ ከዘጠነኛው በኋላ ሞቷል ማለት አትችልም።

ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ፦

እንጀራ ስላለበት ነው የወደድኩት እንጂ አጻጻፉ የድሮው አይደለም። በድሮው ጊዜ እናት ስትሄድ ትሄዳለች። ቪዲዮ ትታ ልጆቿን አታስታርቅም። የእኛ እናቶች ቪዲዮ አይተዉም። የቤት ቁልፍና ያልተጨረሰ ነገር ነው የሚተዉልን።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሚኒያፖሊስ፦

የእኔ እናት ድምጿን ትታልኛለች። በቫይበር የላከችው፣ 40 ሰከንድ። የገና ዕለት ነው፣ «በልታችሁ ነው?» ትላለች። ስለዚህ ቪዲዮውን አትንቀፈው። ካርቱኑን ለልጆች የሚለው ላይ ግን እዚያው ነኝ።

አትላንታ፣ 31 ዓመት እዚህ፦

ወንድሜ አሌክሳንድሪያ፣ በክርክሩ መሃል አንድ ነገር እንዳይጠፋብህ። ግሪን ካርዳቸው ላይ «ነዋሪ ከሆኑበት» የሚለው ቀን አለ። እሱን አይተህ ንገረኝ። አምስት ዓመታቸው የሚሞላው ከነሐሴ በኋላ በጥቂት ወራት ከሆነ መሃል ያለውን ጊዜ በምን እንደምትሸፍኑት አብረን እናያለን። በእነዚያ ዓመታት አገር ቤት ገብተው ብዙ ቆይተው ከሆነም ይቆጠራል። ወጥተዋል?

ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ፦

አሌክሳንድሪያ፣ የ1995ቱን ዛሬ ማታ ከልጆችህ ጋር እየው። ከዚያ መዝጊያውን ድገመው። ልጅቷ የትኛው ላይ ሪሞቱን እንደምታነሳ ጻፍልኝ።