የነዳጅ ጌጅ ሲያሳስት፦ ስካነር፣ ማጽጃ ወይስ አዲስ ሴንሰር?

ጥያቄ፦ ጌጁ ግማሽ ላይ ይቆይና በአንዴ ወደ ሩብ ይወርዳል። ዳሽቦርዱ ደግሞ 140 ኪሎ ሜትር ይቀርሃል ይልና ዳገት ስወጣ 90 ይላል። ነዳጁ ላይ ማጽጃ ልጨምር ወይስ የነዳጅ መጠን ሴንሰሩን ልቀይር? የትኛው ባለሙያስ ይሻላል?

ምላሽ 1፦ ሁለቱን ለይተህ እያቸው። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ግምት ነው፤ ኮምፒውተሩ የቀረውን ሊትር ለቅርብ ጊዜው አማካይ ፍጆታ ያካፍላል። 10 ሊትር ቀርቶ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ከፈጀ 143 ይላል፤ ዳገት ላይ ፍጆታው 11 ሲደርስ ያው 10 ሊትር 91 ይሆናል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ለዚህ ብለህ ምንም አትግዛ። እውነተኛ ፍጆታህን ለማወቅ መቅጃው መጀመሪያ ራሱን ሲዘጋ አቁም፤ ጨምርበት አትበል። ትሪፑን (የጉዞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን) ዜሮ አድርገህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ እዚያው መቅጃ ላይ በዚያው መንገድ ሙላ። 24 ሊትር ከገባ ፍጆታህ 8 ነው። ዳሽቦርዱ 7 ካለ፣ ቀሪውን ርቀት ሁልጊዜ አስረዝሞ ነው የሚነግርህ። ከፋብሪካው የተለየ መጠን ያለው ጎማ ከገጠምክ ግን ትሪፑም ልክ አይሆንም።

ምላሽ 2፦ የጌጁ መዝለል ግን መታየት አለበት። ሴንሰሩ ታንኩ ውስጥ ነው፤ ተንሳፋፊው ከነክንዱ ሲወርድ፣ ቀጭን ኮንታክት ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ የሚገድበው ክፍል) ላይ ይንሸራተታል። ብዙ የተመላለሰበት ቦታ ይበላል፤ ነዳጁ ውስጥ ያለው ሰልፈርም ኮንታክቱን ያጠቁረዋል። ለምርመራ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) እና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ መጀመሪያ ግን ስካነር። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመህ የነዳጅ መጠኑን ፐርሰንት ከጌጁ ቀስት ጋር አስተያይ። ሁለቱም አብረው ከዘለሉ ጥፋቱ ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ ወይም የማሳ (ኔጋቲቭ) ሽቦው ላይ ነው። ስካነሩ ተረጋግቶ ቀስቱ ብቻ ከዘለለ ዳሽቦርዱን የሚጠግን ሰው ፈልግ። ስካነሩ ከሚያሳያቸው የብልሽት ኮዶች ፒ0462 ዝቅተኛ፣ ፒ0463 ከፍተኛ ሲግናል ማለት ነው፤ ፒ0464 ካሳየ ግን ሽቦና ሶኬት አስቀድም፣ የሚቆራረጥ ሲግናል ነውና።

ሴንሰሩ ከወጣ በኋላ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ ክንዱን ቀስ ብለህ ከታች እስከ ላይ አንሳው። ንባቡ ሳይቋረጥ መለወጥ አለበት፤ መሃል ላይ ከጠፋ ማጽጃ አይመልሰውም።

ምላሽ 3፦ ማጽጃ የሚረዳው ለጠቆረ ኮንታክት ብቻ ነው። ፖሊኢተርአሚን የሚባል የሚያጸዳ ኬሚካል ያለበትን መርጠህ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምር፤ በሁለት ሙሉ ታንክ ካልተሻለው ተወው።

ሴንሰር ስትገዛ በክፍል ቁጥሩ እንጂ በመልኩ አትምረጥ። አንዱ ባዶ ላይ 240፣ ሙሉ ላይ 33 ኦም ያነባል፤ ሌላው 10 እና 180። ከተቀላቀሉ ቀስቱ ተገልብጦ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ጋር ተሰብስቦ ይሸጣል፤ ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ ሴንሰሩ ለብቻው ይገኝ እንደሆነ ጠይቅ። ያገለገለ አልመክርም፣ ያው የተበላ ሬዚስታንስ ነው የምትገዛው። የክዳኑን ጎሚኒ ግን ሁልጊዜ አዲስ አድርግ፤ አሮጌው ጎሚኒ የቤንዚን ሽታ ያስወጣል።

ሥራውን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፦ ታንኩ ከሩብ በታች ሆኖ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ፣ ደጅ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት።

ምላሽ 4፦ ታንኩ የኮርቻ ቅርጽ ካለው በሁለቱም ጎን ሴንሰር አለ። አንዱን ብቻ ቀይሮ ጨርሻለሁ የሚልህን አትልቀቀው፣ ሁለተኛውንም ይለካልህ።