ዲሲ ነኝ፣ የኪራይ እርዳታ የት ልጠይቅ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ወገኖች። ሥራ ቦታ ሰዓት ቀንሰውብኝ የሁለት ወር ኪራይ አልከፈልኩም። ትናንት ማታ ስገባ በሬ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ትንሿ ልጄ "ማሚ ምን ይላል?" ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ሊያስወጡኝ ነው?

ራይድ ነጂ፦
አይዞሽ እህቴ። ዲሲ ውስጥ አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስወጣሽም፣ ቁልፍ መቀየርም አይችልም። ወረቀቱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ከሆነ ግን በፍጹም እንዳትቀሪ! ከቀረሽ በሌለሽበት ይፈረድብሻል።

የሰፈር ልጅ፦
ኢራፕ የሚባል የአስቸኳይ ኪራይ እርዳታ አለ። ገንዘቡ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ የደሞዝ ቼክሽን፣ ውልሽንና መታወቂያሽን አሁኑኑ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ያዢ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ የከተማዋን መሥሪያ ቤት ሠራተኞች "አማርኛ" በያቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የከተማዋ ሕግ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ልጅሽን እንዳታስተረጉሚ፣ እኔ በልጅነቴ አስተርጉሜ አውቀዋለሁ፣ ከባድ ነው።

ራይድ ነጂ፦
ሴክሽን 8 የሚባል የመንግሥት የኪራይ ድጎማም አለ፣ ከገቢሽ 30 በመቶ ገደማ ነው የምትከፍዪው፣ ወረፋው ግን ዓመታት ስለሚፈጅ ለአሁኑ አይደርስልሽም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት፣ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። እሄዳለሁ።