ልጁ ከሠርጉ በፊት ተወለደ? የ1641 መዝገብ ግራ አጋባን

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)
ሰላም ወገኖች። የባለቤቴ ቤተሰቦች አሜሪካውያን ናቸው፤ ለልጆቻችን የአባታቸውን ዘር ቆጥረን ማስቀመጥ ፈልገናል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘነው ሐረግ እንደሚለው የመጀመሪያው ሰው በ1635 ከእንግሊዝ፣ ከሳፎክ ተነሥቶ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኢፕስዊች ገባ። ኤፕሪል 12 ቀን 1641 አገባ። የበኩር ልጁ የተወለደው ግን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1641 ነው ይላል! ሐረጉን የሠራው ሰው ይህን ለማስታረቅ ይመስላል፣ ስም የሌላት «የመጀመሪያ ሚስት» ጨምሮበታል። ሐዋሳ ሆነን፣ ብዙ ሳንከፍል እንዴት እናጣራው? የዲኤንኤ ምርመራስ ይረዳል?

መዝገብ አገላባጭ
እህቴ፣ ሴትዮዋን የወለዳት የዘመን አቆጣጠሩ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ጊዜ እንግሊዞችና ቅኝ ግዛቶቻቸው ዓመቱን የሚለውጡት ማርች 25 ላይ ነበር። ስለዚህ ኤፕሪል 1641 አልፎ፣ በጋውም ክረምቱም ተቆጥሮ ፌብሩዋሪ ሲደርስ ገና 1641 ላይ ናቸው። በዛሬው ፌብሩዋሪ 1642 ማለት ነው፤ ከሠርጉ አሥር ወር በኋላ። ፈረንጅ ጃንዋሪ ላይ ዓመት ሲቀይር የእኛ ዓመት ጳጉሜን እስኪያልቅ እንደሚቀጥል ለሚያውቅ ሰው ይሄ ሊከብደው አይገባም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፒዩሪታኖቹ፣ ማለት እዚያ የሰፈሩት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች፣ የወር ስም ከመጻፍ ቁጥር ይመርጡ ነበር። «10: 12: 1641» ብታዪ 12ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ አንደኛው ወር ማርች ስለሆነ። ዲሴምበር ብሎ በስሕተት የገለበጠው ሰው ብዙ ነው።

በሠንጠረዥሽ ላይ «10 ፌብሩዋሪ 1641/42» ብለሽ ሁለቱንም ዓመት ጻፊ። ቀኑን አትንኪው። እንግሊዞች በ1752 አዲሱን አቆጣጠር ሲቀበሉ ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ 14 ተባለ፤ ያንን ልዩነት ወደ ኋላ እያሰላ ቀን የሚጨምር አለ፣ ከዚያ ወዲያ መዝገቡና ሐረጉ አይገናኙም። ወደ እኛ አቆጣጠር መመለሱንም ተዪው።

ግን አንድ ነገር፦ ገልባጩ ዓመቱን አስቀድሞ አስተካክሎት ከሆነ የእኔ ስሌት ይፈርሳል። የማሳቹሴትስ የብዙ ከተሞች ልደት፣ ጋብቻና ሞት እስከ 1850 ድረስ ያለው በመጽሐፍ ታትሟል፤ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። እሱን እዪ፤ ከዚያም ከተቻለ የዋናውን መዝገብ ምስል።

አሞራ ገደል
ቀኑ ተፈታ እንበል። ከ1635 ጀምሮ ወደ ታች መውረዱ ግን ስሕተት ነው፤ ታዋቂ ሰው ይዞ ወደ ራስ መጎተት ይሆናል። ከባለቤትሽ ተነሥተሽ አንድ አንድ ትውልድ ውጪ፤ በየደረጃው «ይህ የዚያ ልጅ ነው» የሚል ወረቀት ይኑር። እኛ ሰባት ቤት ቆጠርን ብለን እንኮራለን፣ እዚህ 12 ወይም 13 ቤት ነው፤ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ከላይ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ዘር ነው።

እስከ 1950 ያለው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ክፍት ነው። ከ1880 ወዲህ ያለው የእያንዳንዱን ሰው ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለውን ዝምድና ይጽፋል። የ1890ው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ከ1850 በፊት ያለው ደግሞ የሚጠራው የቤቱን ኃላፊ ብቻ ነው፤ ሌላው በዕድሜ ክልል ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ሐረግ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ፣ በ1790 እና በ1850 መካከል ነው። መድኃኒቱ ኑዛዜ፣ የውርስ ፋይልና የመሬት ሽያጭ ውል ነው። አባት ሲናዘዝ «ለልጄ ለእገሊት፣ ለእገሌ ሚስት» ይላል፤ የሴቶቹ የአባት ቤት ስም የሚገኘውም በዚህ ነው፤ ስታገባ ስሟ ስለሚዋጥ።

የሚያሳስቱ ቃላትም አሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን ኑዛዜ ላይ «ሰን ኢን ሎው» አማች ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ልጅም ሊሆን ይችላል። «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» አባትና ልጅ ናቸው ብለሽ አትደምድሚ፤ በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ሞክሼዎችን በዕድሜ ለመለየት ነው፤ ትልቁ ሲሞት ጁኒየር የነበረው ሲኒየር ይሆናል።

ሒሳብ ይናገር
ዲኤንኤ ላልሽው፦ ወደ ኋላ 11ኛው ትውልድ ላይ 2048 የአያት ቦታ አለ። ከአንዱ የሚደርስሽ በአማካይ 0.05 በመቶ ነው፤ ከብዙዎቹ ምንም አይደርስም። ተራው ምርመራ ለአምስት፣ ለስድስት ትውልድ ይረዳል። ሐረጉ ከወንድ ወደ ወንድ ሳይቋረጥ የሚወርድ ከሆነ ግን ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ቁም ነገር አለው። ካልሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳፎክ የሚለውስ ይታመናል? አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ ቨርጂንያ ይሄዳል።

መዝገብ አገላባጭ
ሳፎክ ሁለት ነው። ማሳቹሴትስም በ1643 የራሷን ሳፎክ፣ ኤሴክስ፣ ሚድልሴክስና ኖርፎክ ካውንቲዎች (እንደ አውራጃ ያሉ) አቋቁማለች። ኢፕስዊችም ሁለት ነው፤ አሜሪካዊው ያለው በኤሴክስ ነው። ሰውየው በ1635 የመጣ ከሆነ የቦስተኑ የኒው ኢንግላንድ የዘር ታሪክ ማኅበር ከ1988 ጀምሮ እስከ 1635 የገቡትን አንድ በአንድ ያጠናበት ሥራ አለ፤ «ግሬት ማይግሬሽን» ይባላል። የትውልድ ቦታው በማስረጃ ካልታወቀ «አይታወቅም» ብሎ ይተወዋል፤ ከኢንተርኔቱ ሐረግ እሱን እመኚ።

የእንግሊዝ የደብር መዝገብ የሚጀምረው ከ1538 ነው። ክርስትናውን ካገኘሽ በዚያው ደብር ቀብሩንም ፈልጊ። በሕፃንነቱ የሞተ ሞክሼ ልጅን አንሥቶ አሜሪካ የሚያሻግር ሐረግ ሞልቷል!

አሞራ ገደል
ቨርጂንያ ሌላ ዓለም ነው። ብዙ የፍርድ ቤት መዛግብት ተቃጥለዋል፤ ስለዚህ በመሬት ሰነድ ትሄጃለሽ። የአንድን ሰው መሻገሪያ ወጪ ለከፈለ 50 ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር፤ በመሬቱ ሰነድ ላይም የተሻገሩት ሰዎች ስም ይዘረዘራል። የሰነዱን ዓመት የመጡበት ዓመት ነው ብለሽ አትያዢው፤ መብቱ ይሸጥ ስለነበር ዓመታት ዘግይቶ ሊጻፍ ይችላል፤ የአንድ ሰው ስምም ሁለቴ ይገኛል።

ፋሚሊ ሰርች የሚባለው የዘር መዛግብት ድረ ገጽ በነፃ ይመዘግብሻል። ምስሉ ላይ የቁልፍ ምልክት ካለ ከቤት አይከፈትም፤ መዝገቡ የተነሣበትን ፊልም ቁጥርና የምስሉን ቁጥር ጻፊና አሜሪካ ያለ ዘመድ የፋሚሊ ሰርች ማእከል ሄዶ ያውርድላችሁ። የተከፈተውን ደግሞ ኔትወርክ ሳይቆረጥ ወዲያው አውርጂ፤ የፋይሉንም ስም በዓመትና በከተማ ሰይሚው።