ሐዋሳ ውስጥ ቦት ጫማ በእግር ልክ የሚያስተካክል ባለሙያ ጠቁሙኝ

ወገኖቼ፣ እግሬ መላ አጥቷል። በጥቅምት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው፤ አሳባችን የሳነቴን አምባ በእግር አቋርጠን 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ላይ መውጣት ነው። ለዚሁ ብዬ 42 ቁጥር የቆዳ ቦት ጫማ ገዛሁ። የሞከርኩት ጠዋት ነበር፣ ያውም በስስ ካልሲ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው፤ እግር ሲሄድ ሲውል ያብጣልና ጫማ መለካት ያለበት አመሻሽ ላይ፣ በወፍራሙ የጉዞ ካልሲ ነው።

ልፈትነው ብዬ እዚሁ ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ላይ ወጣሁ። ስወጣ ተረከዜ እየተነሣ ተላጠ፤ ስወርድ አውራ ጣቴ የጫማውን አፍንጫ እየገጨ ጥፍሬ ጠቆረ። ቤት ገብቼ ወረቀት ላይ ቆሜ እግሬን በእርሳስ ብከብበው ግራው 26 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ቀኙ 27 ሆኖ ተገኘ። እናቴ «አንዱ እግርህ ለመንገድ ቸኩሏል» ብላ ሳቀችብኝ።

ሻጩ «ሲለበስ ይሰፋል» ብሎ አልመልስም አለ። ቆዳ በጎን ይለቃል እንጂ በርዝመት መቼ ይጨምራል? 43 ብገዛ ደግሞ ተረከዜ ጭራሽ ሊዋኝበት ነው።

እባካችሁ ሐዋሳ፣ ካልሆነም ሻሸመኔ፣ ሁለቱንም እግር ለክቶ ጫማውን ጣት በኩል የሚወጥር፣ ተረከዙን በስፖንጅ የሚያጠብ ጫማ ሰፊ ጠቁሙኝ። ወይስ አዲስ በልክ ማሰፋት ይሻላል? ያሰፋችሁ ካላችሁ ዋጋውንና የፈጀውን ጊዜ ጻፉልኝ። «ማሰሪያውን አጥብቀህ እሰር» የሚለው ምክር ግን ይቅርብኝ፤ አጥብቄ እግሬ ደንዝዟል።