ጤፍ ብቻ እየበላች የሴሊያክ ደም ምርመራዋ ለምን አይወርድም? (ባሕር ዳር)

ጣና_ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሴትዮዋ 34 ዓመቷ ነው። ሴሊያክ (ግሉተን የተባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) በደምም በአንጀት ናሙናም ተረጋግጦላት ዳቦ፣ ፓስታና ገብስ ካቆመች 10 ወር ሆኗታል። እንጀራው ቤት የሚጋገር የጤፍ ነው። ቲቲጂ አይጂኤው (የሴሊያክን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካው የደም ምርመራ) ግን ከመደበኛው ወሰን 4 እጥፍ ላይ ቆሟል፤ ሆዷ ይነፋል፣ የደም ማነሷም አልተስተካከለም። ሃሺሞቶም (የታይሮይድ እጢን የሚያዳክም ሕመም) ስላለባት ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን እንክብል ትወስዳለች። ጤፉ ራሱ ይሆን? ታናሽ እህቷ ደግሞ ሳትመረመር ስንዴ ላቁም እያለች ነው።

የጓዳ_ባለሙያ፦
ጤፉን ተዉት፤ ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን እሱ ውስጥ የለም። ይልቅ ከጆንያ ወጥቶ ምጣድ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ተከተሉ።

መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ። ከእናንተ በፊት ስንዴ ያስፈጨ ካለ፣ በወፍጮው ድንጋይ መሀልና በማውረጃው አፍ የቀረው ዱቄት ከእናንተ የመጀመሪያ ኪሎዎች ጋር ይወርዳል። 1 ግራም የስንዴ ዱቄት በግምት 100 ሚሊ ግራም ግሉተን አለው። በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ለወራት ከገባ አንጀት ይጎዳል፤ ይህም በሁለት ጣት የምትቆነጠር ግማሽ ግራም ዱቄት ናት። ስለዚህ ጧት ወፍጮው ተጠርጎ ሳይጀምር ሂዱ፤ መጀመሪያ 3 ኪሎ ያህል የፎገራ ሩዝ አስፈጭታችሁ ያን ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ ለዩት፣ ከዚያ ጤፉ ይግባ። ይህ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ከተገኘ ራቅ ቢልም እሱ ይሻላል።

ሁለተኛው እርሾ ነው፤ ማንም የማይጠረጥረው። ገብስ ቀላቅሎ ከሚጋግር ጎረቤት የተወሰደ እርሾ ገብሱን ይዞ ይመጣል። መቦካቱም ግሉተኑን አያጠፋውም። አሮጌውን ድፉትና ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በውሃ አቡክታችሁ፣ ከድናችሁ 3 ወይም 4 ቀን አቆዩት፤ ላዩ ላይ የሚያቀረው ቢጫ ውሃ አዲሱ እርሾ ነው። የተፋፋቀ የፕላስቲክ ባልዲ ስንጥቁ ውስጥ ሊጥ ይይዛልና ቀይሩት። ምጣዱ አምባሻም የሚጋገርበት ከሆነ ማሰሻው የብቻዋ ይሁን።

ጠላው ከዳጉሳ ቢጠመቅም ብቅሉ የገብስ ከሆነ ያው ነው። በሶና ቂንጬ እንደማይሆኑ ታውቃላችሁ። ቆራቢ ከሆነች ኅብስቱ ስንዴ ነውና የንስሐ አባቷን ታማክር።

ላብራቶሪ_ነኝ፦
የጓዳው ነገር ልክ ነው፤ ግን ቲቲጂው አልወረደም ማለት የሆድ መነፋቱና የደም ማነሱ ሁሉ ከግሉተን ነው ማለት አይደለም። ጣና ዳር ጃርዲያ፣ ቢልሃርዝያና መንጠቆ ትል ብርቅ አይደሉም። ጃርዲያ የትንሹን አንጀት ገጽ ልክ እንደ ሴሊያክ ሊያበላሸው ይችላል፤ መንጠቆ ትል ደግሞ ደም ይመጥጣል። ሰገራ በ3 የተለያዩ ቀናት ትኩሱን ይመርመር። አንድ ጊዜ ታይቶ «የለም» ቢባል አትመኑ፣ ጃርዲያ በየቀኑ አይወጣም።

እህቷን ግን ስንዴ እንዳታቆም ንገሯት! ግሉተን ከቆመ ፀረ እንግዳ አካሉ ይወርድና በሽታው ከምርመራው ያመልጣል። ቀድማ ካቆመች ቢያንስ 6 ሳምንት በቀን ሁለት ቁራጭ ዳቦ ያህል እየበላች ትመርመር። ከቲቲጂው ጋር ጠቅላላው የአይጂኤ መጠን (አይጂኤ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው) አብሮ ይታዘዝ፤ አይጂኤ በተፈጥሮ የሚያንሰው ሰው ሴሊያክ እያለበት ቲቲጂው ዝቅ ብሎ ይታያል።

ፋርማሲ_14፦
ስለ ሌቮታይሮክሲኑ አንድ ነገር። በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጥ፣ ቁርስም ሆነ ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። ቡና ላይ የሚወሰድ ከሆነ መድኃኒቱ በደንብ አይሰርግም። ለደም ማነሷ የብረት እንክብል የምትወስድ ከሆነ ከእሱ 4 ሰዓት ይራቅ፤ አብረው ከተዋጡ ይያያዛሉ። አንጀቷ ሲድን ደግሞ መድኃኒቱን በደንብ መምጠጥ ይጀምራል፣ የድሮው መጠን ሊበዛባት ይችላል። ልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ክብደት መቀነስ ከመጣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) ይለካ፤ መጠኑን ግን ሐኪሟ ይቀይረው እንጂ እሷ እንዳትነካው።

ጣና_ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እርሾው ከጎረቤት ነው፤ እነሱም ጤፍና ገብስ ነው የሚጋግሩት። ዛሬውኑ አዲስ ይቦካል።

የጓዳ_ባለሙያ፦
ተገኘ እንግዲህ። ቲቲጂውን ቸኩላችሁ አትድገሙት፤ ቢያንስ 3 ወር ይቆይ።