«ደሃ ነኝ ካለ የግል ኮሌጅ ምን ይሠራል?»

የሳቢያን ልጅ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ የቀረበውን እንግዳ የሰማ አለ? ስለ ኮሌጅ ክፍያ ሲጠየቅ «ደሃ ነኝ የሚል ልጅ የግል ኮሌጅ ምን ይሠራል? መንግሥት በነፃ ያስተምር የለ እንዴ!» ብሎት እርፍ። ጋዜጠኛውም አብሮ ሳቀ። የእህቴ ጓደኛ አሁን ለመመዝገቢያ ብር ሰው ደጅ እየጠናች ነው። እናቷ ታይዋን ገበያ ጋ ሻይ ነው የምትሸጠው። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ከዚራ 77፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ሐሮማያም የደንገጎን ዳገት ከወጣህ ደረስክ። ትምህርት፣ ዶርም፣ ምግብ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግላችሁ አቦ?

የሳቢያን ልጅ፦ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ላመጣ ነዋ! በ2014 ያለፈው 3.3 በመቶ ነው። በ2017 ደግሞ 8.4። የቀረው ልጅ የት ይግባ?

ከዚራ 77፦ ያንብብ።

ጠመኔ፦ «ያንብብ» አልክ? እኔ አስተማሪ ነኝ። ላብራቶሪ በር ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ እንጂ ውስጡን ሳያይ 12ኛን የጨረሰ ልጅ አለኝ። ኬሚስትሪውን በቃሉ ነው የሚያውቀው። ምኑን ያንብብ?

ከዚራ 77፦ እኛም እንደዛው ተምረን አልፈናል።

ጠመኔ፦ እናንተ ጊዜ ማለፊያው ስንት ነበር? እሱን ንገረና።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጆቼ፣ ሪሚዲያልን፣ የማካካሻ ትምህርቱን፣ ረሳችሁት። ከ50 በታች ያመጣ ሁሉ አበቃለት ማለት አይደለም። ከ2015 ጀምሮ ጠጋ ያሉት ይመደባሉ። የእኔው ገብቶ ነበር። ከውጤቱ 70ው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና፣ 30ው ከዩኒቨርሲቲው ነው። ግን ያልተመደበ ልጅ በግል ሪሚዲያል ልማር ካለ ከኪሱ ነው።

ከዚራ 77፦ ይኸው! መንገድ አለ ማለት ነው።

ኦሪጅናሌ የታለ፦ «በነፃ» የሚሏት ነገር ግን ታናድደኛለች። የወጪ መጋራት ውል ፈርሜ ነው የተማርኩት። የምግቡና የመኝታው ሙሉ፣ ከትምህርቱ ደግሞ 15 በመቶ፣ ዕዳ ነው። የምግብ በጀቱ በቀን ከ22 ወደ 100 ብር አደገ ሲባል ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። ልጆቹ ይብሉ፣ እሰየው። ግን ከፋዩ ማነው? ራሱ ልጁ ነው፣ ሲመረቅ።

ከዚራ 77፦ ሲመረቅ አልክ። ሥራ ይዞ፣ ከደሞዙ ቀስ እያለ። የግሉ ግን ወር በገባ ቁጥር አምጣ ነው። ለደሃ የቱ ይሻላል?

ኦሪጅናሌ የታለ፦ የመንግሥቱ ይሻላል፣ ማን ካደ? ነፃ አትበሉት ነው ያልኩት። ዕዳህን ሳትጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪ የለም። ጊዜያዊ ወረቀት ይዤ ስንት ቢሮ እንደዞርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ብየዳ ቤት፦ ሁላችሁም ዲግሪ ዲግሪ ትላላችሁ። ፖሊ ቴክኒክ ሞተ እንዴ? ኢትዮ ጣልያን ተምሬ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ወስጄ ይኸው አሁን በርና መስኮት እየሠራሁ ቤት አስተዳድራለሁ። ቴክኒክና ሙያ ሲባል አፍንጫችሁን ትይዛላችሁ።

የሳቢያን ልጅ፦ ማን ያዘ? ልጅቷ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። በር ትበይድ?

ብየዳ ቤት፦ ሴት አትበይድም ያለህ ማነው?

የሳቢያን ልጅ፦ ወላሂ እንደዛ አላልኩም!

ጁገል በር፦ ነርስ ከሆነ ሐረር ኑ። የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለን። ድሬዎች የእኛን ነገር የምታስታውሱት ሲጨንቃችሁ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሐረር ጥሩ ነው ልጄ። የቤት ኪራዩንስ ማን ይከፍላል? የመንግሥት ኮሌጅ ሲባል ሰው ክፍያውን ብቻ ነው የሚያስበው። ዩኒፎርም አለ፣ ጋውን አለ፣ ፎቶ ኮፒ አለ፣ የታክሲ አለ። ደሃን የሚያስቀረው ይሄ ጥቃቅኑ ነው።

ዝምተኛዋ፦ ነፃ ዕድልም አለ ይባላል እኮ። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አወጣሁ። ጎረቤቶቼ መስክረው ፈረሙልኝ። ማህተሙ ሳይደርቅ አንድ የግል ኮሌጅ ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ሳትከፍተው «የነፃ ኮታችን ሞልቷል» አለችኝ። የምዝገባው ማስታወቂያ እኮ ገና በዚያን ቀን ጠዋት ነው የተለጠፈው!

ጁገል በር፦ የት ኮሌጅ ነው? ስሙን ጥሪው።

ዝምተኛዋ፦ አልጠራም። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ነው የሚማረው።

ከዚራ 77፦ ስም ካልጠራሽ ወሬ ነው።

ጠመኔ፦ ኧረ በቃህ! ዝምተኛዋ፣ ደብዳቤሽን ቅጂ አስቀሪና ለዲኑ በማመልከቻ አስገቢ። ገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጥሽ። በቃል «ሞልቷል» ያለ ሰው በጽሑፍ ሲሆን ይፈራል። ሌላ ደግሞ፣ ረከሰልኝ ብለሽ ዘለሽ አትግቢ። እውቅና ፈቃዱ ለዚያ ትምህርት ክፍል፣ ለድሬው ካምፓስ መሆኑን እዪ። አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ ፈቃድ እዚህ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አይቻለሁ። ዲግሪ ከሆነ ደግሞ በመውጫ ፈተና ስንት ልጅ እንዳሳለፉ ጠይቂ። እሱን ያላለፈ ልጅ ሲከፍል የኖረበት ወረቀት አይሰጠውም።

ከዚራ 77፦ አየህ? የግል ኮሌጅ ለደሃ ወጥመድ ነው ማለትህ ነው። ሰውዬው ምን አለ ታዲያ?

ጠመኔ፦ እኔ ጠይቁ አልኩ። እሱ ሳቀባቸው።

ከዚራ 77፦ የሳቀው ጋዜጠኛው ነው።

ኦሪጅናሌ የታለ፦ አሁን ማን ሳቀ ልትከራከሩ ነው?

የሳቢያን ልጅ፦ እሺ ተዉት። የሰፈራችን ማኅበር ለበጋው ውድድር ማልያ ብሎ ያዋጣው ብር አለ። ግማሹ ለልጅቷ መመዝገቢያ ቢሆንስ?

ብየዳ ቤት፦ እኔ እስማማለሁ።

ከዚራ 77፦ ማልያውን አትንኩ። ያዋጣነው ለኳስ ነው።

ጁገል በር፦ ዘንድሮም በሐረር ልትሸነፉ ማልያ ምን ይሠራላችኋል?

ከዚራ 77፦ ማን? እኛ? ያለፈውን ጨዋታ ዳኛ ማን እንደነበር ልናገር እንዴ?